የሩጫ ጫማ የውስጥ ሶል፦ ጫናው ወዴት ይሄዳል? ባታችሁስ ምን ይላል?

ሱሉልታ መስክ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ብትገኙ ታዩታላችሁ። ሯጩ ልምምዱን ጨርሶ ሣር ላይ ቁጭ ይላል። ጫማውን ያወልቅና ከውስጡ ያለችውን ስስ ንጣፍ መዝዞ ያራግፋታል፣ መልሶ ይከታታል። ብዙዎቻችን ያቺን ንጣፍ የምናስታውሳት ስትሸት ብቻ ነው። እኔም እንደዛ ነበርኩ። እግሬ አስገድዶኝ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እሷ ስጠይቅ፣ ስሞክር፣ ስሳሳት የቆየሁት። ያገኘሁትን ሁሉ በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። የውስጥ ሶል ጫናን አያጠፋም፣ ቦታ ያስቀይረዋል እንጂ። ከተረከዝ የተነሳው ወደ መሐል እግር ይሄዳል። ከጣት ሥር የተነሳው ወደ ኋላ ይመጣል። ከአንዱ ጅማት የቀለለው ሌላ ጡንቻ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሱቅ ገብታችሁ «ጥሩው የቱ ነው?» ከማለታችሁ በፊት የራሳችሁ ጫና አሁን የት እንዳለ እወቁ። ይሄ ጽሑፍ ግማሹ ስለዚያ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ

ክረምት ላይ ከከተማ ዳር የኖረ ሰው ይሄን ለመረዳት ፊዚክስ አያስፈልገውም። ጭቃውን ዝም ብላችሁ ብትረግጡት ቁርጭምጭሚታችሁ ድረስ ትገባላችሁ። ጣውላ ጣል አድርጋችሁ ብትረግጡ ግን ታልፋላችሁ። ክብደታችሁ ያው ነው፤ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ስለተዘረጋ ነው። የእግርን ቅርጽ ተከትሎ የተሠራ ሶልም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ተረከዝና የጣት ሥር ላይ ብቻ ተከማችቶ የነበረውን ጫና መሐል እግርም እንዲሸከም ያደርጋል።

ቁጥሩን እንየው። ስንሮጥ እግራችን መሬት በነካ ቁጥር የሚቀበለው ኃይል የሰውነታችንን ክብደት 2 እስከ 3 እጥፍ ይሆናል። 60 ኪሎ ከሆናችሁ ከ120 እስከ 180 ኪሎ እንደ መሸከም ነው። በደቂቃ 170 ጊዜ ብትረግጡ በአንድ ሰዓት ሶምሶማ ከ10 ሺህ በላይ እርምጃ አለ፣ ለእያንዳንዱ እግር ከ5 ሺህ በላይ። ይሄን ሁሉ የምትችለው 26 አጥንት ያላት አንዲት እግር ናት። ትንሽ የቦታ ለውጥ ትልቅ ለውጥ የሚሆነው ለዚህ ነው። 5 ሺህ ጊዜ ይደጋገማላ።

ጡንቻ ጋ ስንመጣ ትንሽ ይወሳሰባል። አራቱን እወቋቸው። አንደኛው ባት ነው፤ ላይኛውና ከሥሩ የተኛው ዝርግ ጡንቻ ሁለቱም በአንድ ጅማት ተረከዝ ላይ ታስረዋል፣ ወደ ፊት የሚያስፈነጥረን እሱ ነው። ሁለተኛው ከቅልጥም ፊት ለፊት ያለው ነው፤ ጣቶቻችንን ወደ ላይ ያነሳል፣ ተረከዝ ሲያርፍ ደግሞ እግሩ ጧ ብሎ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። ሦስተኛው ከቅልጥም ጀርባ ተነስቶ በውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ሥር ዞሮ የሚገባው ነው። ከውስጥ በኩል መሬት የማይነካውን ጎድጓዳ ቦታ፣ ቅስቱን እንበለው፣ እንዳይሰምጥ እንደ ገመድ የሚሰቅለው እሱ ነው። አራተኛው ከእግር ውጭ በኩል ወርዶ እግር እንዳይጠመዘዝ ይጠብቃል።

ቅስቱን ደገፍ የሚያደርግ ሶል ሦስተኛውን ጡንቻ ትንሽ ያሳርፈዋል። ተረከዝ ከፍ የሚያደርግ ሶል የባቱ ጅማት ላይ ያለውን ውጥረት ይቀንሳል። በጣም ለስላሳ የሆነ ሶል ደግሞ ሲረግጡት ደስ ይላል፣ ነገር ግን እግር እንደ ፍራሽ ላይ ስለሚዋልል ሚዛን የሚጠብቁት ጡንቻዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። እነዚህ ለውጦች ትንንሽ ናቸው፣ ከሰው ሰውም ይለያያሉ። ያው አንድ ሶል የጓደኛችሁን ባት አሳርፎ የእናንተን ሊያስር ይችላል። እውነቴን ነው፣ በራሴ ደርሶብኛል፤ እመለስበታለሁ።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ የሮጠው!» የሚል ሰው በየልምምዱ ቦታ አይጠፋም። ልክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ገብቷል። በ1964 ደግሞ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2:12:12 ገብቷል። ሁለቱም የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበሩ። ለኔ ይሄ የሚነግረኝ የለመደ እግር በሁለቱም እንደሚሮጥ ነው። ያልለመደ እግር ላይ ግን በአንድ ቀን የመጣ ለውጥ፣ ባዶ እግርም ይሁን ውድ ሶል፣ ዋጋ ያስከፍላል።

ደረጃ 1፦ አሮጌውን ሶል አውጡና አንብቡት

ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር የሮጣችሁበትን ጫማ አምጡ። የውስጥ ሶሉን በጥንቃቄ መዛችሁ አውጡ፣ ተረከዙ ጋ በማስቲሽ የተያዘ ከሆነ ቀስ እያላችሁ። ወደ መስኮት ውሰዱትና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፣ ግራና ቀኙን።

አሁን እዩ። ጥቁር ብሎ የጎደጎደው ቦታ ጫናው የነበረበት ነው። የኔን ሳወጣ ግራው ላይ ከሁለተኛው ጣት ሥር የ10 ሳንቲም የምታክል ጥቁር ጉድጓድ ነበረች። ጨርቁ እዚያ ላይ ተልጦ ሥሩ ያለው ፎም ይታያል፣ በጣቴ ስነካው እንደ ካርቶን ደርቋል። ቀኙ ላይ እዚያው ቦታ ጨርቁ ገና አዲስ ነበር። ለወራት «ግራ እግሬ የጣት ሥር ያቃጥለኛል» ስል መልሱ ጫማዬ ውስጥ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ለምን ግራው ብቻ? የምሮጥበት መንገድ ነዋ። ወደ ጫንጮ በሚወስደው አስፋልት ላይ መኪና ፊት ለፊት እያየሁ በግራ ጠርዝ ነው የምሄደው። አስፋልት ደግሞ ውሃ እንዲወርድ ወደ ጠርዙ ያዘነብላል። ግራ እግሬ ሁሌ ዝቅ ብሎ ያርፋል። ይሄን የሚያስተካክል ሶል የለም፤ የሚያስተካክለው ወደ መስኩ መውረድ ነው። እናንተም ግራና ቀኙ በጣም ከተለያየባችሁ መጀመሪያ መንገዳችሁን ጠርጥሩ።

ሳልባጅ ጫማ ለምትገዙ ደግሞ ይሄ ደረጃ ግዴታ ነው። ታክሲ ተራው ጋ አንድ ጫማ ሰፊ አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ከሳልባጅ የገዛሁትን የሩጫ ጫማ ጎኑን እንዲሰፉልኝ ወሰድኩላቸው። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና ሶሉን አወጡት፣ ትንሽ አዩት፣ «ልጄ፣ ይሄ ውስጡ ያለው እኮ የሌላ ሰው እግር ነው» አሉኝ። አሳዩኝ። አውራ ጣቱ የኔ ከሚያርፍበት አንድ ጣት ያህል ወደ ፊት አልፎ ጉድጓድ ሠርቷል፣ ተረከዙም ወደ ውጭ አዘንብሏል። ያ ሰው የረገጠበትን ቅርጽ ነበር እኔ ተከትዬ የምሮጠው። ሳልባጅ ስትገዙ ላዩ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን የውስጥ ሶሉን ቀይሩ። ከዚያ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ ከኋላ እዩት፤ ራሱ ጫማው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ከሆነ ችግሩ የውስጥ ሶል አይደለም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ደረጃ 2፦ አሻራችሁን ውሰዱ

እግራችሁን አርጥባችሁ ደረቅ ካርቶን ላይ ቁሙ። በጋ ከሆነ ውሃም አያስፈልግም፣ ደጅ ያለው ስስ አቧራ ይበቃል። በሁለት እግር ሳይሆን በአንድ እግር ቆማችሁ ጉልበታችሁን በትንሹ እጠፉ፤ ሩጫ በአንድ እግር ነው። መሐሉ ሙሉ ሆኖ ከታተመ ቅስታችሁ ዝቅ ያለ ነው። ተረከዝና የጣት ሥር ብቻ ታትሞ መሐሉ ከጠፋ ቅስታችሁ ከፍ ያለ ነው፤ የናንተ ጫና ጠባብ ቦታ ላይ ነው የሚከማቸው፣ ስለዚህ ቅርጽ ያለው ሶል ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው እናንተን ነው።

አደራ፣ አሻራ ብቻውን ፍርድ አይደለም። ዝርግ እግር ኖሯቸው ምንም ሳይሆኑ በሳምንት 150 ኪሎ ሜትር የሚሮጡ ልጆች አሉ። ዝርግ ነው ተብሎ ያላመመን እግር ማከም አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ ሕመሙን በጣት ጠቁሙት

ትልቁ ሥራ እዚህ ጋ ነው። «እግሬን ያመኛል» አይበቃም። በአንድ ጣት ጠቁሙ፣ መቼ እንደሚመጣም ጻፉ፤ ሲጀመር ነው? ዳገት ላይ ነው? ወይስ በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ?

ተረከዝ ሥር፣ በተለይ የጠዋት የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ወጋ አድርጎ ሲሄዱበት የሚለቅ ከሆነ፣ ከተረከዝ ወደ ጣቶች የተዘረጋው ወፍራም ሽፋን ተቆጥቷል ማለት ነው። ለዚህ ተረከዙን እንደ ጽዋ የሚያቅፍና ቅስቱን የሚደግፍ ሶል ይሞከራል። ስስ ስፖንጅ ብቻ መጨመር እምብዛም አይጠቅምም።

የጣት ሥር ጉብታ ላይ የሚያቃጥል ከሆነ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት አለ፤ የሚያመው ቦታ ሥር ስፖንጅ ያደርጋል። ያ ቦታውን ጭራሽ ከፍ አድርጎ ጫና ይጨምርበታል። ድጋፉ መቀመጥ ያለበት ከጉብታው ጀርባ፣ ወደ ተረከዝ በኩል ነው። አንዲት የሰፈራችን ልጅ፣ ለ10 ኪሎ ሜትር የምትዘጋጅ፣ እንዲህ ነው ያደረግንላት። የሚያማትን ቦታ የዓይን ኩል ቀባችው፣ ጫማዋ ውስጥ ገብታ ቆመች፣ ሶሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ታተመ። ከነጥቡ ጀርባ፣ ጫፏ ነጥቡን እንዳይነካ አድርገን፣ ርዝመቷ 5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነች፣ ውፍረቷ ከ5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ ጠርዟ የሳሳ የፎም ቁራጭ ከሶሉ ሥር ለጠፍን። መጀመሪያ ቀን «ጠጠር የገባብኝ መሰለኝ» አለች፤ ወደ ኋላ በጣት ስፋት ገፋናት። ከዚያ በኋላ ረሳቻት። የምትረሳ ከሆነች ቦታዋን አግኝታለች።

ይሄ የጣት ሥር ነገር ረጅም ሩጫ ለምትሮጡ የበለጠ ይመለከታችኋል። ማራቶን ከሮጡ በኋላ እግራቸው የተለካ ሰዎች ላይ የታየው፣ ጣቶቹ ራሳቸው መግፋት ሲያቅታቸው ጫናው ወደ ጣት ሥር እንደሚሸሽ ነው። ስለዚህ ሶላችሁን ትኩስ ሆናችሁ በ5 ኪሎ ሜትር ብቻ አትፍረዱት፤ ስትደክሙም ሞክሩት።

የቅልጥም የውስጥ ጠርዝ ላይ ተዘርግቶ የሚያም ከሆነ ቅስቱን ሲሰቅል የሚውለው ጡንቻና አካባቢው ደክሟል። መጠነኛ የቅስት ድጋፍ ይሞከራል፣ ከእንጦጦ ቁልቁለቱን መሮጥም ለጊዜው ይቀነስ። የተረከዝ ጅማት ላይ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን የተረከዝ ከፍታ ሁለቱም ጫማ ውስጥ እኩል አድርጉ፤ አንድ እግር ብቻ ያመኛል ብላችሁ አንዱን ብቻ ከፍ ካደረጋችሁ ወገባችሁ ይጠይቃችኋል። ሕመሙ ሲቀል ከፍታውን ቀስ በቀስ አንሱት፣ ባት አጥሮ መሥራትን እንዳይለምድ።

ባት መሐል ላይ የሚያስር ከሆነ ብዙ ጊዜ የሶል ጉዳይ አይደለም። ዳገቱ፣ ፍጥነቱ ወይም የጫማው ተረከዝ ዝቅ ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ መምረጥ

ሰውን የሚያሳስተው «ለስላሳ ከሆነ ጥሩ ነው» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 እስከዚያ የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ፣ የእግርን ቅርጽ የያዙ ሶሎች ጉዳትን በ28 በመቶ ገደማ ቀንሰው ተገኝተዋል፤ ድንጋጤ ለመምጠጥ ብቻ የተሠሩት ለስላሳ ሶሎች ግን ጉዳት አልቀነሱም። አብዛኞቹ ተጠኚዎች ወታደሮች እንደነበሩ አትርሱ፤ ከባድ ቦት ጫማና ሸክም ያለበት ሕይወት ነው።

ሌላው የሚገርመኝ ካናዳ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ቤኖ ኒግ ከሚባሉት ተመራማሪ ቡድን የወጣው ነው። ለወታደሮች ስድስት ዓይነት ሶል ሰጥተው «የሚመቻችሁን ምረጡ» አሏቸው። ምርጫቸው ተለያየ። የተመቻቸውን መርጠው ያደረጉት ደግሞ ምንም ካላደረጉት ያነሰ ጉዳት ደረሰባቸው። የኒግ ሐሳብ፣ ሰውነት የለመደው የራሱ አካሄድ አለው፣ ከዚያ የሚያስወጣውን ነገር ጡንቻ ይታገለዋል የሚል ነው። ምቾት ስትሰሙ ጡንቻው ትግል አቆመ ማለት ነው። እኔ ይሄን አምናለሁ፣ ግን ምቾት ማለት ሱቅ ውስጥ ቆሞ ለስላሳ መሆኑ አይደለም፣ ሲሮጡ መረሳቱ ነው።

መርካቶም ሆነ ሰፈር ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን የሩጫ ጫማና ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ሶሉን በአውራ ጣት ተረከዙ ጋ ጠቅ አድርጉት፤ እስከ ታች ሰምጦ ጣታችሁ ጠረጴዛውን ከነካ ለሩጫ አይሆንም። ሲለቁት ቶሎ ካልተመለሰ አትውሰዱት። ሁለት ጫፉን ይዛችሁ እንደ ጨርቅ ጠምዝዙት፤ ፊቱ ይታጠፍ፣ መሐሉና ተረከዙ ግን ትንሽ ይቃወሙ። ጄል የሞላባቸው ብዙዎቹ ከባድ ናቸው፣ ለእግር ጉዞ እንጂ ለፈጣን ልምምድ አልወዳቸውም። ቡሽ ያለበት ካገኛችሁ ከእግር ጋር ቀስ በቀስ ቅርጽ ይይዛል፣ ውሃ ግን አይወድም። የቅስቱ ድጋፍ ላይ ስትቆሙ እንደ ድንጋይ ከተሰማችሁ «ሲለመድ ይስተካከላል» ቢሏችሁም አትግዙ።

እኔ አምኜ ገዝቻለሁ። ሻጩ ከነፋብሪካው ሶል ደርበው አለኝ፣ ደረብኩት። ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ወጣሁ። ዳገቱን ደህና ነበርኩ። ቁልቁለቱ ላይ ተረከዜ ከጫማው እየወጣ ጣቶቼ ፊት ለፊት ይጋጫሉ፤ ሳላውቀው ጣቶቼን አጥፌ ጫማውን ልይዝ እየታገልኩ ነበር። ባህር ዛፉ መሐል ቁጭ ብዬ ካልሲዬን ሳወልቅ ቅስቴ ላይ ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ነበር። ማታ ደግሞ ሁለቱም ባቶቼ እንደ ገመድ ተገመዱ። ሦስት ሳምንት አስቀመጠኝ።

ደረጃ 5፦ መቁረጥና ማስገባት

የፋብሪካውን ሶል አውጡ። አዲሱ በእሱ *ቦታ* ነው የሚገባው፣ በላዩ ላይ አይደለም። አሮጌውን አዲሱ ላይ ተረከዝ ለተረከዝ ገጥማችሁ በእስክሪብቶ ዙሩበት። ከመስመሩ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ትታችሁ ከጣት በኩል ብቻ ቁረጡ፣ ተረከዙንና ቅስቱን አትንኩ። አስገቡ፣ ጫፉ ከታጠፈ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ቁረጡ። የተቆረጠ አይመለስም።

ከዚያ ሦስት ነገር ፈትሹ። ስትሄዱ ተረከዛችሁ ከጫማው አፍ ሳይወጣ ይቆያል ወይ? ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ቀርቷል ወይ? ክሩን ሳታላሉ ልክ እንደ በፊቱ ይታሰራል ወይ? አንዱ ካልሆነ ሶሉ ለዚያ ጫማ ወፍራም ነው። የታችኛው ሶላቸው ውስጥ ጠንካራና ስስ የካርቦን ዝርግ ያላቸውን የውድድር ጫማዎች ባትነካኩ እመርጣለሁ፤ ብዙዎቹ ሶላቸው የተለጠፈ ነው፣ ጫማውም ከዚያ ውፍረት ጋር አብሮ የታሰበ ነው።

ደረጃ 6፦ ማለማመድ

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ መለኪያ ውሰዱ። ግድግዳ በጣት ጫፍ ነክታችሁ በአንድ እግር ቁሙ፣ ጉልበታችሁን ሳታጥፉ ተረከዛችሁን እያነሳችሁ መልሱ። ስንት ጊዜ ቻላችሁ? ግራና ቀኙን ጻፉ። ከ20 በታች ከሆናችሁ ሶል ከመግዛት በፊት ባት ማሠልጠን ይቀድማል፣ ይሄን የምለው በሙሉ ልቤ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት ሶሉን አድርጋችሁ ተራመዱ ብቻ፤ ሥራ፣ ሱቅ፣ ታክሲ። ከዚያ 15 ደቂቃ ሶምሶማ፣ መስክ ላይ ወይም ደልዳላ አፈር ላይ። የቀረውን ልምምድ በአሮጌው ጨርሱ። በሁለተኛው ሳምንት የቀላል ቀናችሁን ሩጫ በሙሉ፣ በሦስተኛው ሳምንት ረጅሙን። ዳገት፣ ቁልቁለትና መም ላይ የሚሠራ ፍጥነት መጨረሻ ይምጡ። በእነዚህ ሳምንታት ሌላ ምንም አትቀይሩ፤ ጫማም፣ ኪሎ ሜትርም፣ መንገድም። ሁለት ነገር አብራችሁ ቀይራችሁ ቢያማችሁ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ ባታችሁን፣ ቅልጥማችሁን፣ ቅስታችሁን ጠይቁ። ከ10 ስንት ነው ሕመሙ? እስከ 2 ወይም 3 ሆኖ ረፋዱ ላይ የሚጠፋ ከሆነ መልመድ ነው። በየቀኑ እየጨመረ ከመጣ፣ ወይም በፊት ያልነበረ ቦታ ላይ ከመጣ፣ ጫናው ሄዶ የማይችለው ሰው ቤት አርፏል። ሶሉን አውጡት፣ ሁለት ቀን ጠብቁ፣ በግማሹ ጀምሩ። ደግሞ ከመጣ ያ ሶል የናንተ አይደለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የተረከዝ ማንሳቱን ድገሙት። ቁጥሩ ከቀነሰ ባታችሁ ከበፊቱ ይበልጥ እየደከመ ነው፣ እግራችሁ ምቾት ቢሰማውም።

ከሶሉ ጎን ለጎን

ባት በሳምንት ሦስት ቀን፦ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ተረከዝ ማንሳት፣ 3 ጊዜ 15። ግማሹን ጉልበት ቀጥ አድርጋችሁ፣ ግማሹን አጠፍ አድርጋችሁ፤ ሲታጠፍ ነው ከሥር የተኛው ጡንቻ የሚሠራው። ለቅስቱ ደግሞ በባዶ እግር ቁሙና ጣቶቻችሁን ሳታጥፉ የአውራ ጣታችሁን ሥር ወደ ተረከዝ ለመሳብ ሞክሩ። ቅስቱ ከፍ ሲል ታያላችሁ። 5 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ 10 ጊዜ። ቡና እስኪፈላ ይጠናቀቃል። ከሩጫ በኋላ መስኩ ላይ ጥቂት ደቂቃ በባዶ እግር መራመድም እወዳለሁ፣ እሾህና ጠርሙስ አይታችሁ።

ሶል የማይፈታው

አጥንት ላይ በአንድ ጣት የሚጠቆም ሕመም ካለ፣ ሲነኩት የሚያስጮህ፣ ሌሊትም የማያስተኛ፣ ሩጫ አቁሙ። የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ሶል ሸፍኖት ብትሮጡበት ሊሰበር ይችላል። ይሄንን ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸት ጭራሽ ያባብሰዋል፣ ሐኪም አይቶት ይነሳ። ጣት የሚደነዝዝ፣ እብጠት የማይወርድ ከሆነም እንደዚያው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ መቁሰሉን ላይሰማው ስለሚችል በራሱ ቆርጦ ሶል አያስገባ፤ ቤታችሁ ውስጥ ስኳር ያለባቸው እናት አባት ካሉና እንደ ስጦታ ልትገዙላቸው ካሰባችሁ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቁ።

አያያዝ

ከሩጫ እንደተመለሳችሁ አውጡት። ክረምት ላይ ጫማ ውስጥ ያደረ እርጥብ ሶል ሳይደርቅ ጠዋት ይመጣል፣ ቆዳችሁ ይላላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ከሰል አጠገብ አታድርቁት፣ ፎሙ ይኮማተራል፤ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ ነፋስ ባለበት አቁሙት። በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ በእጅ ይታጠባል፣ ማሽን ውስጥ አይገባም።

የጀመራችሁበትን ቀን ከሥሩ በእስክሪብቶ ጻፉ፣ በየወሩ ያንን የአውራ ጣት ሙከራ ድገሙበት። የኔ አሁን ያለው ላይ «ጥቅምት 4» ይላል። ተረከዙ ጋ ስጫነው አሁንም ይመለሳል፤ ግራው ላይ ግን ከሁለተኛው ጣት ሥር ጨርቁ ትንሽ መጥቆር ጀምሯል፣ ስለዚህ ከነገ ጀምሮ አስፋልቱን ትቼ በመስኩ ነው የምሄደው።